አርባ ቀን ስድስት ዲግሪ

ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

ከሰላምታዬ በፊት የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ አለዚያ ወረቀቱን አገላብጠህ እሱን ብቻ እንደምትፈልግ አውቅሃለሁ። አዎ፣ ሁለቱም እፉኝቶች ገብተዋል። እሜቴ ሰኞ፣ ሙሽራው ማክሰኞ። እንዳልከው ሦስት ሳምንት ምግብ ከልክዬ ሆዳቸው ባዶ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል በጎዘጎዝኩበት ሣጥን ለየብቻ አድርጌ ብርድ ክፍሉ ውስጥ አስገባኋቸው። ሙሽራው ሲገባ ዘጠና አራት ግራም ነው፣ ጽፌዋለሁ። ሙቀት መለኪያው ዛሬ ስድስት ተኩል ይላል። በሩ ላይ የለጠፍካትንም ወረቀት አየኋት፤ «አትክፈቱ። አትንኩ። አታሙቁ።» ለመሆኑ ለማን ነው የጻፍከው? እዚህ ቤት የምንገባው እኔና አንተ ብቻ ነን፤ አንተ ደግሞ ተራራ ላይ ነህ። በስሜ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት!

አሁን ሰላምታ። እንደምን አለህልኝ፣ አንተ ልጅ? አርባ ዓመት ቢሞላህም ለእኔ ያው ልጅ ነህ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያው እንደምታውቀው ያቺን ሙቅ ውሃ የምሞላባትን ላስቲክ አስሬ አባብለዋለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የድንጋይ ካባው ሹፌር ጉደኛ ሰው ነው። ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ከእባብ ቤት የወጣ ነገር እኮ ነው፣ እትዬ። ውስጡ ምንም የለም?» አለኝ።

«ሰላምታ ብቻ ነው» አልኩት።

«እሱም ይናከስ ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ግን ጋቢና ውስጥ አላስገባውም፤ ኋላ፣ ድንጋይ የሚጭንበት ላይ ወረወረው። አቧራ ከለበሰ በእኔ እንዳትፈርድ።

አልነግርህም ብዬ ነበር፣ ግን ሆዴ አይችልም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሐሙስ ዕለት ሜትር ይዞ መጣ። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ብርድ ክፍሉ ለካ። «ምን እየለኩ ነው ጌታዬ?» ስለው፣ «መደርደሪያ ስንት እንደሚገባ ነው» አለኝ። «እፉኝቶቹስ?» አልኩት። «እትዬ፣ ሁለት እኮ ናቸው» አይለኝም? ሁለት ስለሆኑ አይደል እንዴ የምንጠብቃቸው! ሌላ ቦታ በሣጥን የተያዘ ባለ ሰንሰለት እፉኝት በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ዱር የቀሩትም አንተ ያለህበት ተራራ ላይ ያሉት ብቻ እንደሆኑ ነገርኩት። አንተ የነገርከኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር። እስከ ነሐሴ ታገሰን፤ እሜቴ ከወለደች ቤቱ ይቀጥላል፣ ካልወለደች የፋይል መጋዘን ይሆናል። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብርድ ክፍሉን ዘግቼ ስወጣ ልቤ አልወደደውም። ነፍስ ያለው ነገር ጨለማ ውስጥ አስገብቼ፣ ምግብ ነፍጌ፣ «ደህና ሁን» ብዬ መሄድ። አንተም በልጅነትህ ብርድ ልብስህን ስትገፍፍ እየተነሳሁ ሳለብስህ ነው ያደግኸው። እጄ የለመደው ማልበስ ነው፤ ምን ላድርገው?

እህትህ


ኅዳር 22

እታለም፣

በብዙ ቁጥር የጻፍኩት አንቺን ላለማስቀየም ነበር። አስቀይሜሻለሁና ይቅርታ። ወረቀቷ ግን ትቆይ።

በኋላኛዋ ደብዳቤሽ ክፍሉን ጠይቀሻል። የድሮ መንገድ ጠጋኞች ያደሩበት የቆርቆሮ ጎጆ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ ከክፍሉ ይልቅ እኔን የሚያጨስ ምድጃ። ጣቴ ደህና ነው። እፉኝቷ የነከሰችኝ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሆኖ ሳለ ብርድ ሲሆን ዛሬ እንደሆነ ሁሉ ይጠዘጥዛል። የመርዙ መድኃኒት ለምን እንደማይመረት ሹፌሩ ጠይቆሽ ከሆነ እንዲህ በይው። የመርዙ መድኃኒት የሚሠራው ከራሱ መርዝ ነው፤ መርዙን የሚሰጥ እባብ ግን አልቋል። የሚነክስ ከሌለ መድኃኒቱስ ምን ያደርጋል፣ ይልሽ ይሆናል።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ከሸንተረሩ ጫፍ በታች ክንድ የማያስገባ ስንጥቅ አለ። ሦስት ሳምንት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ገቡ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ዘጠና ነበሩ። ቢሆንም አሥራ አንድ ብዙ ነው፣ እታለም። እናቶቻቸው የከረሙበት ስንጥቅ ነው፤ እነሱም በየዓመቱ ወደዚያው ይመለሳሉ፣ ሌላ ቤት አያውቁም። በመጋቢት ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ አንድ ወንድ ይዤ እመጣለሁ። ሙሽራው ብቻውን እንዳይለፋ።

የስንጥቁን ትክክለኛ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም አልናገርም። እባብ ሻጮች መሥሪያ ቤት ውስጥ ጆሮ አላቸው። የድንጋይ ካባ ሰዎቹ ግን እስከ ሰኔ ያን አካባቢ ላይነኩ ፈርመውልኛል።

ለምን ብርድ እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቀሻል። ረጅም ነገር ነው፣ ወረቀቴ ደግሞ ትንሽ። ስመጣ እነግርሻለሁ። ብቻ በሩን አትክፈቺ። ይኸው፣ በነጠላ ቁጥር። የሙቀቱን ሰሌዳ በየወሩ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 6

ወንድሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ሁለት የተኙ እባቦች ምን ሥራ አላቸው ትለኛለህ። እንዲያው ብዕር አልያዝ ብሎኝ ነው።

ሰሌዳውን ልኬልሃለሁ። ኅዳር ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ታኅሣሥ ግን ቆንጆ ወር ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስድስት ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። እሜቴ ጥጓን ይዛ እንደተጠመጠመች ናት። ሙሽራውም ደህና ነው። በሁለት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ስለ እሱ ጠየቅኸኝ፤ ደህና ነው አልኩህ እኮ።

ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ባለፈው ደረጃው ላይ ይዛኝ፣ «እውነት ነው እንዴ እፉኝት ስትወለድ የእናቷን ሆድ ቀድዳ ነው የምትወጣው?» አለችኝ። እኔም ይህን ሥራ ሳልይዝ ሰው ሲያናድደኝ «የእፉኝት ልጅ!» እያልኩ ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ውሸት ነው» አልኳት። «እንደ እኛው በደንቡ ነው የምትወልደው። እንዲያውም ወልዳ ጥቂት ቀን አብራቸው ትቆያለች።» ክር በጥርሷ በጥሳ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ልጄን ምን ብዬ ልስደበው?» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከሳቅኩ ሰንብቼ ነበር።

ላስቲኳን ለምን አትጠቀሚም ላልከኝ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። ቀልዴን ነው። ዛሬ ወደ ወገቤ ትመለሳለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው። እነዚህ ፍጥረታት ተኝተው ሳሉ ትንሽ ሙቀት ቢያገኛቸው ምን ይሆናሉ? ክፍሉ ድንገት ቢሞቅ ማለቴ ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ብዙ ነገር ይበላሻል፣ ለማወቅ ያህል ነው። አሥራ አንዱ እንዴት ናቸው? ይሰማል ወይ እዚያ ውስጥ ሲተነፍሱ?

እህትህ


የካቲት 1

እታለም፣

ለመጠየቅ ያህል ስለጠየቅሽኝ ለመመለስ ያህል እመልሳለሁ።

ብርዱ ቅጣት አይደለም። ወንዱ ዘሩ የሚበስልለት በብርድ ሲተኛ ነው። መሃል ላይ የሞቀው እባብ ብርዱ የወጣ መስሎት ይነቃል። ሲነቃ የሚበላው የለም፤ ስለዚህ ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል። በመጋቢት ሲወጣ ቆዳው ሰፍቶት ይወጣል፣ ሴቷን ቢያገኝም ፍሬ አይሰጣትም። ይኸው ነው። ኅዳር ላይ ልጽፈው ይገባኝ ነበር።

አይሰማም፣ ሲተነፍሱ። ስለ አሥራ አንዱ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ብርዱ ገና አልወጣም። የካባ ሰዎቹ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ሙሽራው ሲወጣ መዝኚውና ቁጥሩን ጻፊልኝ። ቁጥሩን ብቻ።

ወንድምሽ


መጋቢት 24

ወንድም ዓለም፣

ተገናኙ! ይህን ነገር ሳትኖር እንዴት አድርጌ እንደማሳይህ አላውቅም፤ ግን ባለህበት ሆነህ ማየት አለብህና ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ እሜቴን ከብርዱ አወጣኋት። ሁለት ቀን ኩርምት ብላ ቆየችና በሦስተኛው መብራቱ ሥር ተዘርግታ ጀርባዋን አሞቀች። ያ ጥቁር ሰንሰለት ጀርባዋ ላይ ገና የተቀባ ይመስል ነበር። ያቀረብኩላትን አይጥ እንደ ሰው እጅ ላፍ አደረገችብኝ። አንተ «ቀበጥ ናት» የምትለው እውነትህን ነው።

ሙሽራውን በሳምንቱ አስገባሁት። አንገቱን ጀርባዋ ላይ አድርጎ፣ በአገጩ እየዳበሳት፣ እየተንቀጠቀጠ ከጅራቷ እስከ አንገቷ ሄደ። እሷ አንድ ጊዜ ወደ ድንጋዩ ሥር ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ጅራትና ጅራታቸው ተያይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። በእግሬ ጣት ነው ከክፍሉ የወጣሁት። ልብስ ሰፊዋ፣ «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የበራው?» ስትለኝ «ሰርግ ነበረብኝ» አልኳት።

ክብደቱን ጠይቀኸኛል። ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው፣ መርፌዋ አንድ ቦታ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ሲሠራልኝ እጽፍልሃለሁ። ትንሽ ከስቷል፤ ሙሽራ ሆኖ ያልከሳ ደግሞ ማን አለ?

የአንተስ? መጋቢት እያለቀ ነው። አንድ ወንድ ይዤ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ቢያንስ ወጥተዋል፣ አልወጡም በለኝ። ስለ ጎጆው ጣሪያ አንድ ገጽ ጻፍክልኝ፤ ስለ ስንጥቁ አንድ መስመር የለም። ጣሪያው ያፍስስ ተወው!

እህትህ


ግንቦት 17

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ። በሦስት ደብዳቤህ ላይ አንድም መልስ አለመስጠቴ ከብደኸኝ አይደለም፤ ቢከብደኝስ የምን እህት ነኝ። ይቅር በለኝ።

ስለ ሙሽራው የጠየቅኸውን ቆይተን እንነጋገራለን። ስለ እሜቴ ልንገርህ፤ ወፍራለች! ወገቧ ከጨጓራዋ በታች ሁለት ጣት ሰፍቷል። ከመብራቱ ሥር አትነሳም፤ እንዳልከኝ እርጉዝ እፉኝት ፀሐይ ትወዳለች። ኃላፊውን ጠርቼ አሳየሁት። ከበሩ ሳያልፍ አንገቱን አስግጎ፣ «ምግብ በዝቶባት እንዳይሆን ብቻ» አለ። «ጌታዬ፣ እኔም እርስዎም ምግብ ሲበዛብን አይተነዋል፣ የምንወፍረው እንዲህ አይደለም» አልኩት። ሆዱን ነካ አድርጎ ሄደ።

እሷ ካላት ሌላው ሁሉ ምንም አይደል፣ አይደል? እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ እስቲ።

እህትህ


ሰኔ 2

እታለም፣

እሷ ካላት ሌላው ሁሉ ምንም አይደል።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ሹፌሩ «ምን ይላል?» ሲለኝ «ወፍራለች ይላል» አልኩት። ግራ ተጋብቶ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

ውሃዋን በየቀኑ ለውጪ። የበር ድምፅ አታሰሚያት። ልጆቹ ሲወለዱ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ሆነው ነው፤ ራሳቸው ቀድደው ይወጣሉ፤ አትርጃቸው። ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ አላቸውና እጅሽን ጠብቂ። ስንት እንደሆኑ ቆጥረሽ በዚያው ቀን ጻፊልኝ።

እዚህ ነፋስ ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 19

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ለሹፌሩ ሰጥቼው መኪናው ሲነሳ ሮጬ ተቀበልኩት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ቀን። በሁለተኛው፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ይናከሳል መሰለኝ» አለኝ። «ዛሬስ አዎ» አልኩት። ፈጣሪ ይባርከው፣ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ነገ በሦስተኛው ጋቢና ውስጥ አስቀምጠዋለሁ ብሎኛል።

ሰባት ናቸው። ቆጥሬያለሁ። አንድም ልጅ የለበትም። ዓርብ ጠዋት ስገባ መብራቱ ሥር ሰባት ቢጫ ነገር ተደርድሯል፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል፣ እንደ እንቁላል አስኳል ያለ፣ ለስላሳ። ሽፋኑን ቀድዶ የሚወጣ የለም። እሜቴ ዙሪያውን ተጠምጥማ ነበር። ልጅ እንዳላት ሁሉ ልወስድባት ስል ጭንቅላቷን አነሳችብኝ። ሁለት ቀን ተውኩላት። በሦስተኛው መሽተት ሲጀምር በመንጠቆው ገለል አድርጌ አነሳሁት።

ሙሽራውም የለም። ሚያዝያ 27 ሞቷል። «ቆይተን እንነጋገራለን» ብዬ ስጽፍልህ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ሃያ ቀኑ ነበር። ሚዛኑ አልተበላሸም። ከብርድ ሲወጣ ስልሳ አንድ ግራም ነበር።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ኅዳር 26 ቀን ባልዲ ልወስድ ብርድ ክፍሉ ገባሁ። መግባት አልነበረብኝም፣ ባልዲ ሌላም አለኝ። የሙሽራውን ሣጥን ክዳን ገለጥ አድርጌ አየሁት። በመንጠቆው ነካሁት፣ እንጨት ነው። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ምላሱን አያወጣም። ሞተ ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የደከምክበት፣ ጣትህን የሰጠህበት ነገር በእኔ እጅ ሞተ ብዬ። ከወገቤ ላይ ላስቲኳን ፈታሁ፣ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ከሣጥኑ ሥር አደረግኳት። ሰዓት አልሞላም፣ ምላሱን አወጣ። ወዲያ ወዲህ አለ። አየኝ። ያን ቀን እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያማ መተው አቃተኝ። ጠዋት ስገባ እሞላለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እሞላለሁ። ባልሞላሁ ቁጥር ይደርቃል፣ ስሞላ ይነቃል። እኔ እያተረፍኩት መስሎኝ። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው መለኪያ አሥራ ስምንት ስትል እኔ ሰሌዳው ላይ ስድስት እጽፋለሁ። አርባ ቀን። ጥር 6 ቀን ደብዳቤውን ስልክልህ ፈራሁና ማሞቁን ተውኩት፤ የካቲት ላይ መልስህ ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ልብስ ሰፊዋ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ስለ ብርድ ነው» አልኳት።

እሜቴን አልነካኋትም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ፊቷ ኮስታራ ስለሆነ አላሳዘነችኝም። ያላዘንኩላት ናት ዛሬ ያለችው።

ሳይገባኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ባይገባኝም «አታሙቁ» የሚለውን ማንበብ ግን እችላለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ።

ኃላፊው ሰኞ አናጢዎች ይልካል። ዕዳ እንደሌለበት ሰው አንድ ነገር ጠይቄህ ላብቃ፤ አንተ ጋ ያሉት አሥራ አንዱ አሉ በለኝ። የእኔን ቤት እኔ ገድዬዋለሁ። የአንተ ካለ እሸከመዋለሁ።

እህትህ


መስከረም 8

እታለም፣

የሉም።

ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ፍንዳታውን ሦስት ጊዜ ከጎጆው ሆኜ ሰማሁት። ስደርስ ሸንተረሩ ጫፍ አልነበረውም። ስንጥቁ በነበረበት ቦታ ትኩስ ጠጠር ነበር። የካባውን አለቃ ወረቀቱን አሳየሁት። ካርታውን ዘረጋ፤ እኛ ያጠርነው ቀይ መስመር አልተነካም። ሰውየው ልክ ነበር። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሻጮቹ ካርታውን ቢያገኙ እንዳይደርሱባቸው ብዬ ሆን ብዬ አርባ ሜትር አዛነፍኩት። ሥራችን ላይ እንዲህ እናደርጋለን፤ እውነተኛውን ቦታ እንደብቃለን። ባዶውን ድንጋይ አጥሬ፣ እነሱን ከአጥሩ ውጭ ትቼ። አሥራ አንዱም ውስጥ ተኝተው ነበር።

ያቺ ጥር ላይ የላክሻት ሰሌዳ ደረሰችኝ፤ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ያ መለኪያ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን አከታትሎ ስድስት ብሎ አያውቅም። አንድ ሰው ሄዶ እንዲያይልኝ ማድረግ እችል ነበር። ልጮህብሽ እችል ነበር። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የአንቺ ስድስት ውሸት ከሆነ ምንም የለኝም፤ እውነት ከሆነ ግን አንድ ነገር አለኝ። ስለዚህ አመንኩሽ። ሰኔ ላይ «እሷ ካላት» ስልሽ ሙሽራው ከስቶ ስልሳ ግራም ሊሆን እንደሚችል ልቤ ያውቅ ነበር።

ሦስት ቃል በሩ ላይ ለጠፍኩ፣ ምክንያቱን አልጻፍኩም። ወረቀት ስላነሰኝ አልነበረም። አይገባሽም ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ግንቦት ላይ «ይቅር በለኝ» ብለሽኛል፣ እታለም። ገና አልመለስኩልሽም። አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ገና የት ላስቀምጠው እንዳለብኝ አላውቅም። አሁን አልመጣም። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጠጠሩ ፊት እቀመጣለሁ። ያን ዓመት ሌላ ቦታ የከረመ ካለ በዚህ ሰሞን ወደ ቤቱ ይመጣል። ሌላ ቤት አያውቁም ብዬሽ ነበር።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ለወንድሜ፣

ጥቅምት 30 የጻፍካት ደረሰችኝ። አንድ ቃል ናት፤ «ባዶ»። አዙሬም አየኋት፣ ከኋላዋ ምንም የለም። ሹፌሩ ሲሰጠኝ ኮፍያውን አወለቀ። ከፍቶ አንብቧል ማለት ነው፣ አልተቆጣሁትም። እውነቱን ስለጻፍክልኝ ተባረክ። ለሁለታችንም አዲስ ነገር ነው።

መደርደሪያዎቹ ገቡ። ከመስኮቱ እስከ በሩ ፋይል ሆኗል። እንደ ፀሐይ ሲሞቁበት የነበረው ድንጋይ ላይ አናጢዎቹ ሻይ ያስቀምጡበታል። ኃላፊውን ለመንኩት፤ «እሜቴ እስካለች ብርድ ክፍሉን ተውልኝ» ብዬ። «ስንት ዓመት ትኖራለች?» አለኝ። «ወንድሜ ጤነኛ ከሆነች አሥርም አሥራ አምስትም ብሎኛል» ስለው፣ «ብቻዋን?» አለኝ። ያን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆኖ ያየሁት ያኔ ነው። ክፍሉን ተወልኝ።

ዘር የማይኖራትን እባብ ለምን እንደ ደንቡ ታስተኛለሽ ብለህ በሹፌሩ አፍ ጠይቀኸኛል። እንግዲህ እንዲህ አድርጌ አሰብኩት። እኔ አልወለድኩም፤ አንተን ግን አሳድጌያለሁ፣ እሱም በቃ። ልጅ የሌለው እንቅልፍ አያስፈልገውም እንዴ? ሰውነቷ ብርድ ይጠብቃል። ቅጠሏን ጎዘጎዝኩላት። ረቡዕ አስገባኋት። ስታየኝ ፊቷ ያው ኮስታራ ነው። ዘንድሮ ግን አሳዘነችኝ።

ወረቀትህን ከበሩ አላነሳሁም። ሥሯ ግን በራሴ እጅ ምክንያቱን ጻፍኩበት፤ ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ሌላ ወረቀት ቀጠልኩበት። የሚያነበው ሰው የለም። ቢሆንም ይጻፍ።

ሰሌዳውን እነሆ ልኬልሃለሁ። ረቡዕ ስምንት። ሐሙስ ሰባት ተኩል፤ ዓርብ አምስት፣ መስኮቱ ክፍት ተረስቶ ነው፣ እኔው ነኝ የረሳሁት። ቅዳሜ ስድስት ከሩብ። አየህ፣ አንድም ቀን ከአንድ ቀን አይመሳሰልም።

ዛሬ ጠዋት ወገቤ ስለጠናብኝ ላስቲኳን ሞልቼ ታጠቅኋት። ብርድ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከሆዴ ላይ ሙቀቱ ይሰማኛል። እጄን በሩ ላይ አደረግኩ፤ ብረቱ ይቆነድዳል። ውስጥ እንጨት መስላ እንደተኛች አውቃለሁ፣ አፏም ትንሽ ተከፍቶ ይሆናል። እጄ እስኪደነዝዝ እዚያው ቆየሁ።

አልከፈትኩም።

እህትህ